የሳሙናው ጀርባ

ጥቅምት 6 ቀን 1974

ዛሬም ቫዝሊን የለም። ጥጥ የለም። "የለም" ስል ዋልኩ። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው ወይስ የለም ቤት?

ጋሼ ተስፋማርያም፣ ፋርማሲስታችን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የአንዲት ሴትዮ የፊት ክሬም ሲያገላብጡ ነበር። ሴትዮዋ ክዳኑ ላይ ያለችውን ቆንጆ ታሳያቸዋለች፤ እሳቸው ገልብጠው ከሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነባሉ። "ልጄ፣ ፊቱ የሻጭ ነው፣ ጀርባው የገዢ።" በየቀኑ የሚሏት ነገር ናት። እኔማ በሕልሜም እሰማታለሁ።

ማታ ቧንቧ ላይ አዲሷን ጎረቤት አገኘኋት። አክበረት ትባላለች። ከመቀሌ ተዛውራ የመጣች ጸሐፊ ናት፤ ቀበሌው ከኔ ክፍል ቀጥሎ ያለችውን ሰጥቷታል። ጉንጮቿ ላይ ማድያት አለባት። ዓይኗ ግን... እንዲህ ያለ ዓይን ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጣል?

"ሓፍተይ፣ ፊትሽ እንዴት ጥርት ብሏል! ምን ትቀቢያለሽ?" አለችኝ። ሓፍተይ በትግርኛ እህቴ ማለት ነው።

"ምስጢር ነው" አልኳት። ሳቅኩ። ምን ምስጢር አለው? ግሊሰሪን በውሃ ነው። ጋሼ ተስፋማርያም ናቸው ያሳዩኝ። ለምን አልነገርኳትም? እንጃ። ዓይኗ ነው መሰለኝ።

ጥቅምት 23

ከሥራ በፊት ጊዮርጊስን ተሳለምኩ። የጠየቅኩት ያው የዘወትሩን ነው... እሱ ያውቀዋል።

ማታ እምሩ "ነይ ማኪያቶ ልጋብዝሽ" አለኝ። እምሩ ወርቅ ሠሪ ነው፤ ሱቁ ከመድኃኒት ቤታችን ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ከሥራ ስንወጣ እስከ አፍንጮ በር አብረን መሄድ ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን። ምንም ብሎኝ አያውቅም። እኔስ ምን እላለሁ? ሴት ናት የምትጠይቀው?

ባንኮኒው ጋ ቆመን ሳለ አክበረት ገባች። "ጎረቤቴ ናት" አልኩት። ምን አፌን አስከፈተኝ! እምሩ እሷን እያየ ማኪያቶው ላይ ስኳር ጨመረ። ደግሞ ጨመረ። እምሩ ስኳር አይወድም።

ጥቅምት 30

አብሮ መሄዱ አልቀረም። አሁን ሦስት ሆነን ነው። እኔ በዳር።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን በየበሩ ሲያቃጥል ዋለ፤ ከአፍንጮ በር ጊዮርጊስ አይታይም። እማማ ጥሩነሽ አሮጌ ፍራሻቸውን ሳይቀር አወጡ። ግቢው ድሮ የሳቸው ነበር። አሁን የቀበሌ ነው፤ ቁጣው ግን እስካሁን የሳቸው ነው።

በጭሱ መሃል አክበረት እየሮጠች መጣች። ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። ቀለበት። ላዩ ላይ ትንሽ የስንዴ ዘለላ ተቀርጾበታል። "ራሱ ነው የሠራው! ከፋሲካ በኋላ ሰርጋችን ነው።"

የዘለላውን ፍሬ አንድ በአንድ አየሁት። በስንት ቀን ሠራው? እኔ አጠገቡ እየሄድኩ ነበር የሚያስበው?

"ምነው ሓፍተይ፣ ዓይንሽ?"

"ጭሱ ነው።"

እማማ ጥሩነሽም ዓይናቸውን ሲጠርጉ ነበር። የሳቸው እንኳ እውነት ጭሱ ነው።

ታኅሣሥ 3

የአክበረት ማድያት ጠፋ። ድምጥማጡ! ፊቷ ቀላ። ግቢው ሁሉ እሷን ያወራል። "ፍቅር ነው" ይላሉ እማማ ጥሩነሽ። ፍቅር ማድያት ካጠፋ የኔማ አብሮ ቆዳዬንም ባጠፋው።

ግን አንድ ነገር አየሁ። እጇን ስትታጠብ። ፊቷ ቀይ፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ድሮ በነበረበት ጠይምነቱ። ጆሮዋም። ከዚያ ቧንቧው ላይ የሳሙና ካርቶን ረስታ ገባች። ፊቱ ላይ ነጭ ሴት፣ ነጭ አበባ። ገለበጥኩት። የሰባ ዘይት፣ ሽቶ፣ ጨው... ከዚያ መጨረሻ ላይ በደቃቁ። ሜርኩሪክ አዮዳይድ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ማን ያየዋል? ደስ አለኝ። ውበቷ የሷ አይደለም።

ታኅሣሥ 5

ጋሼ ተስፋማርያምን ጠየቅኳቸው። እንደ ዘበት።

"ሜርኩሪ ያለው ሳሙና ምን ያደርጋል?"

መነጽራቸውን አወረዱ። "ቀለም ያጠፋል። ግን ቆዳ ላይ አይቆምም፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ኩላሊት ነው። እነዚያን ዕቃዎች ማን አስገባ ደግሞ? ማን ነው የሚጠቀመው?"

"ማንም። ካርቶኑን መንገድ ላይ አይቼ ነው።"

"ማድያት ላለባት ሴት ጃንጥላ ግዢ በያት" አሉኝ። "ማድያት የፀሐይ ወዳጅ ነው። ታጥቦ አይለቅም፤ ቶሎ የሚያስለቅቅ ነገር ካየሽ ደግሞ ፍሪው።"

በያት አሉ። ለማን? ማንም ብያቸው የለ። እየመጣሁ አሰብኩት... ልንገራት? ትልቅ ሰው ናት። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ታይፕ ስትመታ ትውላለች፤ አንድ ካርቶን መገልበጥ አቃታት? እኔ ሞግዚቷ ነኝ?

ሆድ ይፍጀው።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እምሩ እኔ ፊት "የሰው ፊት እንዲህም ይጠራል?" አላት። እየሳቀ። እጇን ይዞ።

ቤት ገብቼ መስታወቱን አየሁ። ጠይም ነኝ። ጥርት ያልኩ ጠይም። ይሄ ፊት አይደል አክበረት ስትቀናበት የነበረው? አሁን ማን ያየዋል?

በሯን አንኳኳሁ። "ያንቺስ ምንድነው ምስጢሩ?" አልኳት። ሳቀች። "አንቺ ነፍገሽኛል፣ እኔ ግን አልነፍግሽም" ብላ ቢላዋ አንስታ ሳሙናዋን ለሁለት ቆረጠች። ከድሬዳዋ የሚያመጣላት ሰው አለ አሉ። ትልቁን ግማሽ ለኔ ሰጠችኝ። ትልቁን! ሰው እንዲህ ሲሆንብህ ደግሞ እንዴት ትጠላዋለህ?

ታጠብኩበት። እያወቅኩ። ጀርባውን ያነበብኩ እኔ፣ ፊቱን ያመንኩ እኔ።

ታኅሣሥ 27

በየቀኑ ጠዋት እታጠብበታለሁ። አረፋው ይጣፍጣል... ሽታው ማለቴ ነው። መድኃኒት ቤት ስገባ ፊቴን ከጋሼ ተስፋማርያም አዞራለሁ።

ጥር 11

ጥምቀት። ጃንሜዳ ሰው እንደ ጉድ። አክበረት ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ፊቷ ሞልቷል። ያያት ሁሉ "ወፈርሽ! አማረብሽ!" ይላታል። እማማ ጥሩነሽ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርገው፣ "ሙሽራ እንዲህ ነው፣ ሥጋ ያዝ ሲያደርጋት። አንቺ ደግሞ የሺዬ፣ ምነው እንዲህ መነመንሽ?" አሉኝ።

ምን ልበላቸው? የሷ ውፍረት ከኔ ተቀንሶ ነው ልበል?

ፀበሉ ሲረጭ እምሩ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ አቆማት። ራሰች። ሳቀች። እኔ ላይ አንድ ጠብታ አላረፈም።

ስንመለስ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። "ጠበበኝ" አለች። እግሯ እንኳ የሚያስጠላ ቢሆን ብዬ አየሁት። እሱም ወፍሯል።

ጥር 20

በሥርዓት ልጻፈው።

እምሩ መድኃኒት ቤት መጣ። ምሳ ሰዓት ነው፣ ጋሼ ተስፋማርያም የሉም። ባንኮኒው ላይ ቀለበት አስቀመጠ። የስንዴው ዘለላ ያለበት ነው። ግን ነጭ! እንደ ብር። አንዳንድ ቦታ ብቻ ቢጫው ብቅ ይላል።

"ሰው ወርቅህ ብር ነው ብሎ ይስቅብኛል" አለ። "ወርቄ ንጹሕ ነው የሺ። በእጄ ያቀለጥኩት። ይሄ ባዜቃ የነካው ነው።"

ባዜቃ ወርቅ ሠሪዎች ብር ላይ ወርቅ ሲለብጡ የሚጠቀሙበት ነው። ንጹሕ ወርቅ ከነካ ያነጣዋል፤ ፒያሳ ውስጥ ይህን የማያውቅ ወርቅ ሠሪ የለም።

"ባዜቃ ከወርቅ ሠሪ ጠረጴዛ ሌላ የት ይገኛል? ጸሐፊ ናት። ታይፕ ላይ ባዜቃ አለ? የኔን ጠረጴዛ ነክታው አታውቅም። የማንን ነው የነካችው?" ከዚያ ስም ጠራ። አጽብሐ። ከሱ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ወርቅ ሠሪ፣ የአገሯ ልጅ። "ሰላም ልትለው ትገባለች ሲሉኝ ስቄ ዝም አልኩ። ፋራው እኔ!"

"እሷስ ምን አለች?"

"አላውቅም ትላለች። ቀለበቱን ከጣቷ አውልቄ መጣሁ።" ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ጎረቤቷ ነሽ። የምታውቂው ነገር አለ?"

ባዜቃ... ሜርኩሪ። እኛ ጠርሙሱ ላይ ሜርኩሪ ብለን እንጽፋለን፣ እነሱ ባዜቃ ይሉታል። ያው ነው። ምላሴ ላይ ነበር።

"እንጃ" አልኩት።

ጥር 21

የእናቴን ቀለበት አወለቅኩ። ቀጭን ናት፣ ከሞተች ጀምሮ ከጣቴ ወጥታ አታውቅም። በውስጥ በኩል ነጥታለች። ጠርዟም።

መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። ሳሙናውን ጨርቅ ጠቅልዬ ከአልጋ ሥር። እንግዲህ ጥርጥር የለም። አውቃለሁ። እኔ ብቻ አውቃለሁ።

ጥር 25

ማኪያቶ። እኔና እምሩ ብቻ። ያለ ስኳር ጠጣ።

አፍንጮ በር እስክንደርስ ስለሷ አንድም ቃል አላነሳም። "አንቺ ብቻ ነሽ የማትዋሺኝ" አለኝ። ደስ አለኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ግን መጀመሪያ የማን ነበር? እሷ ሳትመጣ የማን ነበር?

የኔም አልነበረም። እሺ።

ጥር 29

ቧንቧ ላይ ወሬው ተቀጣጥሏል። "ሆዷ ገፍቷል።" "ልብሷ አልዘጋ ብሏት በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች።" "የማን ይሆን?" አጽብሐ ነው ይላሉ፣ በሹክሹክታ፣ ግን እንድትሰማ አድርገው። እማማ ጥሩነሽ "መልክ ታጥቦ አይጠጣ" ብለው ባልዲያቸውን አነሱ። ጥምቀት ላይ ጉንጯን የቆነጠጡት እሳቸው ናቸው።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ጎረቤቷ ነኝ፣ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ አውቃለሁ ብለው ነው።

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አዎ ቆጠሩት። አውቄ ነው ዝም ያልኩት? አዎ። አውቄ ነው።

የካቲት 3

ጠዋት ቧንቧ ላይ ከአክበረት ጋር ተገጣጠምን። ማንም የለም። ዓይኖቿ በእብጠት ተከድነዋል፤ ያ ሁሉ የቀናሁበት ዓይን ስንጥቅ ብቻ ቀርቷል። እግሯ የጎማ ጫማ ውስጥ አልገባ ብሎ በተረከዟ ረግጣዋለች። ባልዲዋን ልታነሳ ስትል ያዝኩላት። እጇን ሳላስብ ጨበጥኩት መሰለኝ። ስለቀው ጣቴ የነካው ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ቆሜ ጠበቅኩ። አይሞላም። አይሞላም!

ውፍረት አይደለም። እርግዝናም አይደለም። ውሃ ነው። ኩላሊቷ ነው። እኔ በእንደዚህ ያለ እብጠት ስቀና ከረምኩ!

"አክበረት፣ ሳሙናሽን አምጪው። ዛሬ ጋሼ ተስፋማርያም ጋ እንሂድ። መርዝ አለበት።" ሁሉንም ነገርኳት፣ እየተንተባተብኩ። ሜርኩሪውን፣ ኩላሊቱን፣ ቀለበቱን።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "መቼ አወቅሽ?"

"...ታኅሣሥ ላይ።"

"ቀንተሽ ነው።"

"አዎ። ቀንቻለሁ። ግን የምልሽ እውነት ነው።"

"ማድያቴ እንዲመለስ ነው። እምሩን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ ፊቴን!" በሩን ዘጋችብኝ። ተቀርቅሮ ሰማሁት።

ትክክል ናት። ቀናተኛ ሰው እውነት ሲናገር ማን ያምነዋል? አንድ ሰው ቢነግራት ነው የምትሰማው። እሱ ደግሞ አይነግራትም... የማያውቀውን።

የካቲት 4

መሳቢያውን ከፈትኩ። የእናቴን ቀለበት ወሰድኩ። ሳሙናውን ከአልጋ ሥር አወጣሁ።

እምሩ ሱቅ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። እስኪወጡ ቆምኩ። ቀለበቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንስቶ ወደ ብርሃኑ ያዛት።

"ይሄም ባዜቃ ነው። ያንቺ አይደል? የት ነካሽ?"

"አጽብሐ ሱቅ ገብቼ አላውቅም" አልኩት። ሳሙናውን አወጣሁ። "እዚህ ነው የነካሁት። እሷም እዚህ ነው። ፊቷን የምትታጠብበት ነው። ባዜቃ አለበት።"

"አንቺ ምን ልታደርጊበት?"

ሰው ፊቱ ላይ ስንት ነገር ይቀባል? እኔ ዛሬ ሁሉንም አጠብኩት። "እንደሷ እንድታየኝ... እሷን በምታይበት ዓይን እንድታየኝ" አልኩ። "ታኅሣሥ ላይ አንብቤዋለሁ። ስትጠይቀኝም አውቅ ነበር። አላረገዘችም እምሩ። ታማለች። ትሞታለች።"

አላየኝም። እሳቱን ለኮሰ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ "ራቅ በይ፣ ጭሱን አትሳቢው" አለ። የሷን ቀለበት በመቆንጠጫ ይዞ አጋለ። ነጩ ተነነ። ከሥሩ ወርቁ ወጣ፣ ቢጫ፣ ዘለላው ሳይቀር።

መቆንጠጫውን ወረወረ። ቀለበቱ እንኳ ሳይበርድ፣ የሥራ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ወደ አፍንጮ በር ሮጠ። ሱቁን አልዘጋም። እኔ ቆሜ ጠበቅኩለት። የሰው ወርቅ ስጠብቅ ዋልኩ።

የካቲት 6

እምሩ ደግፎ ወሰዳት፤ ሆስፒታል አስተኟት። ለጋሼ ተስፋማርያም ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካርቶኑን ራሳቸው ይዘው ሄደው ለሐኪሙ አሳዩ። "ትንሽ ብትቆይ..." አሉና አልጨረሱትም። ከዚያ ወደኔ ዞረው ፊቴን አዩ፣ ብዙ ጊዜ። ሽንቴን አስመረመሩኝ። እኔ ደኅና ነኝ።

አንድ ቃል አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 9

ጨው የሌለው ሹሮ ይዤ ሄድኩ። እምሩ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ እግሯን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ጉድጓዱ እስኪሞላ ይጠብቃል። "ዛሬ ቶሎ ሞላ" አላት። እንዲህ ያለ ነገር ይቀናበታል? እኔ ቀናሁበት።

ማድያቷ ተመልሷል። ዓይኗም ተመልሷል።

"ሓፍተይ" አለችኝ ልወጣ ስል። እንደዚያ ትለኛለች ብዬ አልጠበቅኩም። "ሹሮው ጨው የለውም።"

"አውቃለሁ።"

"መጥፎ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ነገም አምጪልኝ።"

ሚያዝያ 24

ሰርጓ ዛሬ ነበር።

ፀጉሯን ፀጉር ሠሪ ሠራቻት። ፊቷን ግን ማንም እንዳይነካ ብላ በሩን አስዘጋች። "የሺን ጥሩልኝ።" የአክስቷ ልጅ ከውጭ የመጣ ክሬም በሳጥን ይዛ ቆማለች። አክበረት ከእጇ ተቀብላ መጀመሪያ ገለበጠችው። አነበበችው። አልገባትም መሰለኝ፣ ወደኔ ዘረጋችው። አነበብኩት። "ምንም የለበትም። ሽቶው ብቻ በዝቷል" አልኩ። "እንግዲያው ይቅር" አለች።

ከቦርሳዬ ጠርሙሴን አወጣሁ። ግሊሰሪን ትንሽ፣ ውሃ ብዙ። ብቻውን ከሆነ ያደርቃል፣ በውሃ ሲሆን ያለሰልሳል፤ ይህንንም ነገርኳት። እጄ ላይ አሽቼ ጉንጮቿን ቀባሁ። ማድያቱ ላይም። የእናቴ ቀለበት ጣቴ ላይ ናት፤ እምሩ በእሳት አጥርቶ፣ አወልውሎ፣ በጋሼ ተስፋማርያም እጅ ልኮልኛል። ራሱ አላመጣትም። ገባኝ።

"ይሄ ብቻ ነው?" አለች፣ ዓይኗን ጨፍና።

"ይሄ ብቻ ነው።"

"ምስጢር ነው ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"ለምን?"

"እንዳትቆነጂ።"

ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ። ከዚያ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን፣ እማማ ጥሩነሽ በሩን በቡጢ እስኪደበድቡ ድረስ። "ሙሽራ እንዲህ አይስቅም!" እያሉ።

ወጣች። እልልታው ቀለጠ። ማድያቷ በፀሐዩ ላይ ይታያል፤ ሚዜዎቹ ጃንጥላ ዘረጉላት፣ ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። እምሩ ሲያያት ያየው ማድያቱን አልነበረም።

አማረባት። ዛሬም ቀናሁ። ጠርሙሱን ግን ቦርሳዋ ውስጥ ከትቼላት ነው የመጣሁት።